የኪሳራ ጨው

የዋንዛ ሸለቆ ሥርዓት ቀላል ነበር። ከታች ያለው ይቆፍራል፣ ከመሃል ያለው ይቆጣጠራል፣ ከላይ ያለው ይተኛል። ከላይ የሚተኛው ንጉሡ አንበሳ ነው። ንጉሡ እህል በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ዳጉሳ ቢሉት ዱባ፣ ዱባ ቢሉት ጎደሬ፣ ለእሱ ሁሉም ሣር ነው። ነገር ግን እህል የሚበሉትን ይበላል። በዚህም ምክንያት ከልቡ የግብርና ወዳጅ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር ጉብታው ላይ ቆሞ «ገበሬ የአገር ዋልታ ነው!» ሲል ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ አፉም እንዲሁ ያቀርራል።

ከታች ከሚቆፍሩት አንዷ እትዬ ጭቃነሽ የምትባል ከርከሮ ነበረች። ባሏ ንጉሡን እጅ ሊነሣ ሄዶ አልተመለሰም፤ እሷም የት እንደቀረ አልጠየቀችም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅማ። ሦስት ልጆቿን ይዛ ወንዙ ዳር ጎደሬ ትተክላለች። ብልህ ናት የሚላት አልነበረም፤ ታጋሽ ናት የሚላትም የለም። መቆፈር ግን ታውቅበታለች። ስትደሰት ትቆፍራለች፣ ስትናደድ ትቆፍራለች፣ ጎረቤት ሲያማት ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ትቆፍራለች። አፍንጫዋ መሬት ካየ የጭንቅላቷን ፈቃድ አይጠብቅም ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ዳጉሳው ፍሬ ሳይዝ ደረቀ፣ ዱባው የጡጫ ያህል ሆኖ ቀረ፣ አራዊቱም ከሱ። ንጉሡ ይህን ያወቀው ምሳው ላይ ነው። ወዲያው ጉባኤ አስጠርቶ በታላቅ ሐዘን ተናገረ።

«ትናንት አንዲት ሚዳቋ በላሁ። በላሁ ልበል እንጂ ጥርሴ መሃል ገብታ ቀረች፤ ሆዴ ድረስ የደረሰ ነገር የለም። ሕዝቤ ምን ነካው?»

አፈ ንጉሥ ቀበሮ ጭራውን ወደ ጎን ሰብስቦ ተነሣ። ንጉሡ የሚያስበውን ንጉሡ ከማሰቡ በፊት መናገር ሥራው ነው። «ንጉሥ ሆይ፣ ገበሬው ተጎድቷል። ድጎማ ያስፈልገዋል። ከግርማዊነትዎ ዋሻ ጨው ይሰጠው። ጨው የላሰ አውሬ የመብላት ፍላጎቱ ይከፈታል፤ የበላ ይወፍራል፤ የወፈረ ደግሞ…» አለና ዓረፍተ ነገሩን በአክብሮት ሳይጨርስ ተቀመጠ።

«ምን ያህል ነው የምወዳቸው!» አለ ንጉሡ።

ሸለቆው በእልልታ ተናወጠ። ለሣር በል ጨው ማለት ምን እንደሆነ ያላየ አያውቀውም፤ ቁራጭ ጨው ያገኘ አጋዘን ስሙን ይረሳል። እትዬ ጭቃነሽም ከሁሉ በላይ እልል አለች። ልጆቿ ጨው የሚባል ነገር በወሬ እንጂ በምላሳቸው አያውቁትም ነበር።

ጨዉን የሚያከፋፍለው ባላምባራስ ጎርሱ የተባለው ጅብ እንዲሆን ታዘዘ። «ባላምባራስ ሥጋ በል ናቸው፤ ጨው አይልሱም። ስለዚህ አይሰርቁም» ሲል አፈ ንጉሥ ቀበሮ ምክንያቱን አስረዳ። እውነትም ጎርሱ ጨው አይልስም። ዋሻውን ከተረከበ ወዲህ ግን የተራራው ፍየሎች ጨው ሸቷቸው አንድ አንድ እያሉ ወደ ዋሻው ይገቡ ጀመር። ሲገቡ ያየ ብዙ ነው፤ ሲወጡ ያየ አልነበረም።

በማግስቱ ጎርሱ የተጎዳውን ካልተጎዳው ሊለይ ተነሣ። አብሮት አባ ኮዳ ነበር፤ ራሰ በራ፣ ረጅም፣ አንገቱ ሥር ከረጢት የሚያንጠለጥል ወፍ። መርማሪ ሆኖ የተሾመው ሁልጊዜ የሚያዝን ስለሚመስል ነው። ሥራቸውን ከቅርብ ለመጀመር ሲሉ ከራሱ ከጎርሱ መሬት ጀመሩ፤ እስከ አድማስ የተዘረጋ የእሾህ ሜዳ ነው።

«ምን ዘሩ?» ሲል አባ ኮዳ ጠየቀ።

«ምንም።»

«ምን አጨዱ?»

«ምንም።»

አባ ኮዳ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አየና ራሱን ያዘ። «ወይኔ ባላምባራስ! ይህ ሁሉ መሬት፣ አንዲት ፍሬ ሳይሰጥዎ! እንዲህ ያለ ኪሳራ በዕድሜዬ አላየሁም!»

«እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ችዬው ነው» አለ ጎርሱ፣ አፉን በመዳፉ እየጠረገ።

ከዚያ ወደ ወንዙ ወረዱ። እትዬ ጭቃነሽ እስከ ጆሮዋ ጭቃ ለብሳ ተቀበለቻቸው። ልጆቿን ለዚህ ቀን አጥባ ስለነበር ተሰልፈው ቆመዋል።

«ምን ዘራሽ?»

«ጎደሬ ነዋ ጌታዬ።»

«አገኘሽ?»

«ዝናቡ አልጨረሰልኝም። ግማሹ መሬት ውስጥ ደርቆ ቀረ።»

«ግማሹስ?»

«እሱንማ ልጆቼን አበላሁ።»

አባ ኮዳና ጎርሱ ተያዩ። «አብልታለች» አለ አንዱ። «አጥግባለች» አለ ሌላው።

«ኧረ አልጠገቡም!» አለች ጭቃነሽ። «እስቲ ጎድናቸውን ይዩልኝ!»

«ቆይ፣ ቆይ። የዘር ጎደሬ አስቀምጠሻል?»

«እንዴታ! ዘሩን የሚበላ ሰው አለ እንዴ?»

አባ ኮዳ በጣም አዘነ፤ ማዘኑንም ለሁሉም አሳየ። «የኔ እመቤት፣ ድጎማው ለከሰረ ገበሬ ነው። አንቺ ቆፍረሻል፣ ተክለሻል፣ አምርተሻል፣ ይባስ ብለሽ አስተርፈሻል። በዚህ አያያዝሽ እንዴት ልንረዳሽ እንችላለን?»

ጎርሱ መሬቱን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ደግሞ አፈሩን ተመልከተው። ቦጫጭቃዋለች። የኔን መሬት አይተሃል፣ አንድ ጭረት የለበትም» አለ።

ሄዱ። የጭቃነሽ ስድብ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ እነሱ ሩቅ ነበሩ፤ ስለዚህ ቆፈረች።

ከቀትር በኋላ ከታች ያሉት አራዊት ዋንዛው ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ሁሉም የገጠማቸው አንድ ነው፤ ያመረተ ሁሉ አልተጎዳህም ተብሏል። መጀመሪያ ኤሊው ተናገረ፤ ንግግሩ ጥሩ ነበር ይባላል፣ ሲጨርስ ግን የመጀመሪያውን ያስታወሰ አልነበረም። ጅግራዋ «አቤቱታ እናቅርብ» አለች። «ለማን?» ሲሏት «ለባላምባራስ» አለችና ራሷ ደነገጠች። በመጨረሻ የጭቃነሽ ጎረቤት፣ ዱባ አምራቹ ጃርት አባ ወስፌ ተነሣ። እሾሁን አራግፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አለ፦

«ወገኖቼ፣ እስካሁን ሞኞች ነበርን። አባቶቻችን መዝራት አስተማሩን፤ መክሰር ግን ማንም አላስተማረንም። አሁን ዘመኑ የኪሳራ ነው። ጎርሱ ከስሮ ምን እንደመሰለ አላያችሁም? ፀጉሩ ያብረቀርቃል! እኛም እንክሰር!»

«እንክሰር! እንክሰር!» አለ ጉባኤው በአንድ ድምፅ።

ባላምባራስ ጎርሱ ይህን ሲሰማ ለአራዊቱ አዘነላቸውና ሥልጠና አዘጋጀ። ርእሱ «ዘመናዊ አከሳሰር» ነው። አሠልጣኙ የጎርሱ የሚስቱ ወንድም ነበር፤ ተኝቶ እንጂ ቆሞ ታይቶ የማያውቅ ጅብ። ሠልጣኞቹ ሣር ላይ በጀርባቸው ተዘረሩ።

«ሰማዩን እዩ» አለ አሠልጣኙ እያዛጋ። «ሥራ ሥራ ካላችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። አሁንም ካላችሁ ወደ ሌላው ጎን ተገልበጡ። በቃ፣ ይኸው ነው። ጥያቄ ያለው ነገ ይጠይቅ።»

ኤሊው በጀርባው ተዘርሮ መገልበጥ ስላቃተው ከሁሉ የላቀ ሠልጣኝ ተባለ። አባ ወስፌም እሾሁ መሬት ላይ ተሰክቶ ስላልተነቃነቀ ተመሰገነ። ጭቃነሽ ግን ጭንቅ ያዛት። ሰማዩን አየች፤ ሰማይ አይቆፈርም። ዓይኗን ጨፈነች፤ የአፈር ሽታ በአፍንጫዋ ገባ። ወደ ጎን ስትገለበጥ አፍንጫዋ መሬት ነካ። አሠልጣኙ ከእንቅልፉ ነቅቶ ሠልጣኞቹን ሲያይ ጭቃነሽ በቦታዋ የለችም። በቦታዋ ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱ ውስጥ «እዚህ ነኝ ጌታዬ! ይቅርታ፣ ሳላውቀው ነው!» የሚል ድምፅ ይሰማል።

«አንቺ አትከስሪም» አለ አሠልጣኙ። «ተሰጥኦው የለሽም።»

ሥልጠናውን ላለፉት አንድ ነገር ብቻ ቀራቸው፤ ለዘር ያስቀመጡትን አባ ኮዳ እያየ መብላት። ዘር ያለው ኪሳራው ሙሉ አይደለምና። አባ ወስፌ የዱባ ፍሬውን እየቆረጠመ «አየሽ» አላት ጭቃነሽን፣ «መብላትም ሥራ ሆነ፤ ከዚህ በላይ መንግሥት አለ?» ጅግራዋ ዳጉሳዋን እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ለቀመች። ኤሊው ምን እንደነበረው ባይታወቅም የነበረውን በላ።

ጭቃነሽም አሰበችበት። ልጆቿ ለጨው ምላሳቸውን አውጥተው ሲጠብቁ እሷ በአፍንጫዋ ምክንያት ልትከለክላቸው ነው? «ሥልጠናውን ብወድቅም ዘሩን ከበላሁ ያልፉኛል» አለች። የዘር ጎደሬዋን ከጉድጓዱ አውጥታ ወንዙ ዳር ከመረችው። ልጆቿ ዙሪያውን ተቀምጠው አፋቸውን ከፈቱ። አባ ኮዳ ከሩቅ፣ በዚያ ቀጭን እግሩ መሬቱን እየለካ፣ ሲመጣ ይታያል።

አንዱን አነሣች። ከበደ ያለ፣ ዓይኑ ሊበቅል የተዘጋጀ ጎደሬ ነው። እናቷ ይህን ዘር ለእሷ ስትሰጣት «እኔን ብትረሺኝ ግድ የለም፣ ይህን እንዳትረሺ» ብላት ነበር። አፏ ውስጥ ከተተችው። ልትነክሰው ስትል አንድ ጠብታ ጀርባዋ ላይ ጠብ አለ። ሌላም ጠብ አለ። ከዚያ ያ የረጠበ አፈር ሽታ መጣ፤ ዓመት ሙሉ የጠፋው ሽታ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጭቃነሽ በደንብ አታስታውሰውም።

አባ ኮዳ ሲደርስ ካፊያው አቁሟል። ከርከሮዋ በጭቃ መሃል ቁና ቁና እየተነፈሰች ቆማለች፤ ልጆቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ናቸው።

«ዘሩ የታለ? በላሽው?»

ጭቃነሽ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ተገልብጧል። አንዲት ጎደሬ አልቀረችም። «ወይ ጉዴ!» አለች በቀስታ። «ተክየዋለሁ።»

አባ ኮዳ በዚህ ጊዜ እውነተኛ ቁጣ ተቆጣ። «ትምህርት ሰጠንሽ፣ ዕድል ሰጠንሽ፣ አንቺ ግን ዓይናችን እያየ ታመርቻለሽ! ከዛሬ ጀምሮ ከድጎማው ተሰርዘሻል!»

ያን ቀን ልጆቿ አለቀሱ። እሷም አፍንጫዋን ድንጋይ ላይ አሽታ አሽታ «አንተ ነህ ጉድ የሠራኸኝ!» እያለች አለቀሰች። አፍንጫዋን የረገመች ከርከሮ ከእሷ በፊት አልተሰማም።

ጨው የሚታደልበት ቀን ደረሰ። ክፍፍሉ በኪሳራ ልክ ነው። ከሁሉ የከሰረው ጎርሱ ስለሆነ ትልቁን ክምር ወሰደ፤ ወንድሞቹ፣ አክስቶቹና ያ አሠልጣኝ ተከተሉ፤ አንዳቸውም በዕድሜያቸው አንዲት ቅንጣት ዘርተው ስለማያውቁ ኪሳራቸው ከባድ ነበር። አባ ኮዳም ለድካሙ ከረጢቱን ሞላ። የተረፈውን ሌሎቹ በየተራ አንድ አንድ ጊዜ ላሱ።

«እንዴት ነበር?» ስትል ጭቃነሽ አባ ወስፌን ጠየቀችው።

«ጨው ጨው ይላል» አለና ወንዙ ላይ ተደፋ። እስኪመሽ ድረስ ሲጠጣ ዋለ።

ዝናቡ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ሸለቆው ውስጥ ግን ዝናብ የሚጠብቅ ዘር አልነበረም። ዱባ የለም፤ ዳጉሳ የለም። አራዊቱ የበፊቱን ክሳት የሚመኙበት ክሳት መጣ። የጭቃነሽ ማሳ ብቻ የዝሆን ጆሮ በሚያህል ቅጠል ለመለመ። መጀመሪያ አባ ወስፌ መጥቶ ዳር ላይ ቆመና ስለ አየሩ አወራ። ቀጥሎ ጅግራዋ መጥታ ስለ አየሩ አወራች። ኤሊውም ከሁለት ሳምንት በኋላ ደርሶ ስለ አየሩ ሊያወራ ሲል ጭቃነሽ ቱግ አለች።

«ዘመናዊ ከሳሪ ሁላ! አየሩን ትቼ ጎደሬውን ልቁፈርላችሁ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ!» አለችና ቆፈረችላቸው። እየቆፈረች ሰደበቻቸው፤ እየተሰደቡ በሉ።

በዚህ መሃል ንጉሡ የድጎማውን ውጤት በዓይኑ ሊያይ ተነሣ። ወሬው ሲደርሰው ባላምባራስ ጎርሱ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ለንጉሥ የእሾህ ሜዳ አይታይማ! ሲሮጥ ወደ ወንዙ ወረደ።

«ስሚ» አላት ጭቃነሽን፣ የተራራ ፍየል ያደለበው ጉንጩ እየተንቀጠቀጠ። «ይህ ማሳ ከአሁን ጀምሮ የኔ ነው። እኔ ቆፍሬ፣ እኔ ተክዬ፣ እኔ አምርቼዋለሁ። ትንፍሽ ብትዪ ለሦስቱም ልጆችሽ አላውቅልሽም!»

ንጉሡ ከነአጃቢው ከተፍ አለ። አራዊቱ ወንዙ ዳር ተሰለፉ። ንጉሡ በሰልፉ ፊት ቀስ ብሎ አለፈ፤ ጅግራዋን አይቶ ተከዘ፣ አጋዘኖቹን አይቶ ተከዘ፣ ኤሊውን አንኳኩቶ ተከዘ። «ጨዬ የት ገባ?» አለ። ከዚያ ያን አረንጓዴ ማሳ አየ፤ በማሳው መሃልም የቆመውን አየ።

«ይህን ያለማው ማነው?»

«አገልጋይዎ ባላምባራስ ጎርሱ ነኝ!» አለ ጅቡ ደረቱን ነፍቶ። «በእርስዎ ድጎማ፣ በኔ ላብ!»

ጭቃነሽ ደሟ ፈላ። ረሀብ ችላለች፣ ስድብ ችላለች፤ እናቷ የሰጠቻትን ዘር ተክሎ የማያውቅ አፍ ሲኮራበት መስማት ግን አልቻለችም። ልጆቿንም ዛቻውንም ረስታ አንድ እርምጃ ወጣች። «ንጉሥ ሆይ! ይህ ማሳ…»

አባ ወስፌ ከኋላዋ አንድ እሾሁን ታፋዋ ላይ ሰካው።

«ዋይ!» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ ንጉሡ። ሲጠይቃት ግን አላያትም። ዓይኑ የጎርሱን ትከሻ፣ ከትከሻው ጎድኑን፣ ከጎድኑ ያን ክብ የሆነ ታፋውን ቀስ እያለ ይጎበኝ ነበር። ምላሱ ከንፈሩን አንድ ዙር ዞረ። ጭቃነሽ ያን ምላስ አየች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫዋ ሳይሆን ጭንቅላቷ ቀደመ።

«ዋይ፣ ምን ዓይነት ገበሬ ናቸው እያልኩ ነው ንጉሥ ሆይ!» አለች። «ማሳው የባላምባራስ ነው። ብቻቸውን አለሙት፣ ብቻቸውን በሉት። ጠዋት ሲበሉ ነው፣ ማታ ሲበሉ ነው። ይኸው ሰውነታቸው ይመስክር!»

«እውነት ነው! ይመስክር!» አለ ሰልፉ በሙሉ።

ጎርሱ በምስጋናው ተነፍቶ እጅ ነሣ። «አያችሁ?» አለ ንጉሡ ወደ አጃቢዎቹ ዞሮ፣ ድምፁ በስሜት ተሰብሮ። «አፈ ንጉሥ፣ ድጎማው ሠርቷል!» ከዚያ ወደ ጎርሱ ተጠጋ፤ ሁሉም የመሰለው ሊሸልመው ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ለትረካ የሚመች ስላልሆነ እንዘለዋለን። የጎርሱ ዘመዶች በጊዜው አቋራጭ መንገድ አግኝተው ከሸለቆው ሲወጡ፣ ያ አሠልጣኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ መታየቱን ብቻ እንናገራለን።

ንጉሡ ሲጨርስ አፉን በቅጠል ጠረገ፤ ፊቱ በደግነት ተሞላ። «ድጎማው እጥፍ ይሁን» አለ። «እስቲ፣ ሌላስ ገበሬ ማን አለ?»

ሰልፉ በሙሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አባ ወስፌ፣ አንተ ዱባ ታመርት የለም እንዴ?» አለ አፈ ንጉሥ ቀበሮ።

«እኔ? እኔማ ልብስ ሰፊ ነኝ ጌታዬ። ይኸው መርፌዬ።»

«ጅግራዋስ?»

«ዘፋኝ ነኝ» አለችና ለማስረዳት ትንሽ ዘፈነች፤ ወዲያው እንድታቆም ተነገራት።

ኤሊው ራሱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ድንጋይ ሆኗል። አጋዘኖቹ መንገደኞች ነን አሉ።

«አንቺስ?» አለ ንጉሡ እትዬ ጭቃነሽን። «ጭቃው ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ገላዬን እየታጠብኩ ነው ንጉሥ ሆይ።»

ንጉሡ ትከሻው ወደቀ። «ይህ ሁሉ ሸለቆ የነበረው አንድ ገበሬ ነው ማለት ነው? እሱንም እኔ…» አለና ሆዱን ዳበሰ። አፈ ንጉሥ ቀበሮ ወዲያው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «አይዘኑ ንጉሥ ሆይ» አለው፤ «በዚህ አነጋገር ከዛሬ ጀምሮ በግዛትዎ ውስጥ የተቸገረ ገበሬ አንድም የለም።» ይህ ቃል ጉብታው ላይ ታወጀ፤ ተጨበጨበለትም።

ከዚያ ወዲህ በዋንዛ ሸለቆ ገበሬ የለም። ከሌላ ሸለቆ በጎደሬ በተለወጠ ዘር ዱባው በየዓመቱ ይንከባለላል፣ ዳጉሳው ይወዛወዛል፣ ጎደሬው መሬቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ማን ዘራው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ሰማይ ሰማይ ያያል።

አንድ ቀን የጭቃነሽ ትንሹ ልጇ ከእሷ ጎን አፍንጫውን አፈር ውስጥ እየነዳ ቀና አለ።

«እማዬ፣ እኛ ግን ምንድን ነን?»

ጭቃነሽ ወደ ቀኝ አየች፤ ወደ ግራ አየች። ከወንዙ ማዶ ዛፍ ላይ አባ ኮዳ ባዶ ከረጢቱን አንጠልጥሎ፣ እንዳዘነ፣ ሊሰማ አንገቱን አስግጎ ቆሟል።

«ዝም ብለህ ቆፍር» አለችው።